ፍራንክፈርት ባለ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሚሠራ የጃቫ ፕሮግራም ጋር ዲበገር ማገናኘት አልቻልኩም፤ እንደ መንገዱ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ይመጣሉ

ጥያቄ፦ ባለላፕቶፑ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የቁጠባና ብድር ሂሳብ የሚያሰላ የጃቫ ፕሮግራም አለን። እኔ የምሠራው አዲስ አበባ ሆኜ በላፕቶፔ ሲሆን፣ የሙከራው ቅጂ ግን ፍራንክፈርት በሚገኝ የኪራይ ቨርቹዋል ማሽን ላይ በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ይሠራል። የማሽኑ ሥርዓተ ክወና ኡቡንቱ 22.04 ነው። ፕሮግራሙ ዘወትር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በራሱ ተነሥቶ የዕለቱን ወለድ አስልቶ ይመዘግባል፤ ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሌሊት የሚሠራው ስሌት አንድ ቀን ወደኋላ ይቀራል፤ ያንኑ ስሌት ቀን ላይ በእጄ ሳስነሣው ግን ትክክለኛውን ውጤት ይሰጣል። በላፕቶፔ ላይ ደግሞ ቀንም ሆነ ሌሊት ስህተቱን ላየው አልቻልኩም። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ከጎርጎርዮሳዊው ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለውጠውን ክፍል፣ በተለይም ጳጉሜን አንድ ጊዜ 5 ሌላ ጊዜ 6 ቀን የሚያደርገውን ስሌት ነበር፤ ሆኖም ደጋግሜ ብፈትሸው እንከን አላገኘሁበትም። ስለዚህ ፕሮግራሙን እዚያው ባለበት አቁሜ ተለዋዋጮቹ የያዙትን ዋጋ ለማየት ዲበገር ማገናኘት ግድ ሆነብኝ።

ጃቫን የማስነሣው የጄዲደብሊውፒ ኤጀንትን (ጃቫ ዲበገር የሚቀበልበትን ክፍል) ጨምሬ፣ ትራንስፖርቱን ዲቲ ሶኬት፣ ሰርቨርን ‘ዋይ’፣ ሰስፔንድን ‘ኤን’፣ አድሬስን 5005 ብዬ ነው። ይህ መስመር ጃቫ 8 ላይ ሳለን ያለ አንዳች ችግር ይሠራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ጃቫ 17 ከተሻገርን ወዲህ ግን እምቢ አለ። በዶከር ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ 5005:5005 ብዬ የኮንቴይነሩን ፖርት ከማሽኑ ፖርት ጋር አያይዣለሁ። በማሽኑ የዩኤፍደብሊው ፋየርዎልም ሆነ በአከራዩ ድርጅት የመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ባለው ፋየርዎል ፖርቱን ለሁሉም ከፍቼዋለሁ። የፕሮግራሙ ሎግም በ5005 ላይ እያዳመጠ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ግራ ያጋባኝ የሚከተለው ነው። ኮድ ከምጽፍበት ከኢንተሊጄይ በቀጥታ በማሽኑ አይፒ አድራሻ ስገናኝ ‘ኮኔክሽን ሪፊውዝድ’ የሚል መልስ ወዲያውኑ ይመጣል። በኤስኤስኤች ታነል (በተመሰጠረ መስመር) በኩል ወደ ማሽኑ ሎካልሆስት (ከራሱ ጋር ብቻ ወደሚነጋገርበት አድራሻ፣ 127.0.0.1) ስሄድ ግን ግንኙነቱ የተጀመረ ይመስልና ‘ሃንድሼክ ፌይልድ’ ብሎ ይቋረጣል። ስህተቶቹ ሁለት እንደመሆናቸው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ያሉብኝ መስሎኝ አንዱን ስይዝ ሌላው እየጠፋብኝ ሦስት ቀን አለፈ። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦ ዘመን_17

ከጃቫ 9 ጀምሮ አድሬሱ ላይ የፖርት ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ጄቪኤሙ (የጃቫው ቨርቹዋል ማሽን) የሚያዳምጠው በሎካልሆስት ላይ ብቻ ነው፤ በጃቫ 8 ግን ያው አጻጻፍ በሁሉም የኔትዎርክ አድራሻዎች ላይ ያዳምጥ ነበር። 5005 የሚለውን *:5005 ብለው ይለውጡትና ኮንቴይነሩን እንደገና ያስነሡት። ይሠራልዎታል።

ምላሽ፦ የሰርቨር_ዘበኛ

ዘመን_17 ምክንያቱን በትክክል ነክተዋል። ይሁንና ጠያቂያችን አሁን በገለጹት አደረጃጀት ላይ ኮከቧን ብቻ ጨምረው ቢያስነሡት የያዛቸው ችግር ይፈታል፣ ከእርሱ እጅግ የከፋ ሌላ ችግር ግን በዚያው ቅጽበት ይከፈታል። ስለዚህ እባክዎ ኮከቧን ከመጨመርዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ዲበገሩና ጄቪኤሙ የሚነጋገሩበት ጄዲደብሊውፒ የተባለው ፕሮቶኮል የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያልፈውንም መልእክት አያመሰጥርም። በመግቢያው ላይ የሚለዋወጡት ነገር ቢኖር 14 ሆሄያት ያሉት አንድ የሰላምታ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ለሁሉም የታወቀ ነው። ያንን ቃል የላከ ማንም ሰው እንደ ባለቤቱ ይስተናገዳል። ዲበገር ደግሞ ተለዋዋጭ ከማየት አልፎ በፕሮግራሙ ውስጥ የፈለገውን ሜተድ መጥራት ስለሚችል፣ የተገናኘው ሰው ፕሮግራሙ ባለው ሥልጣን ልክ የሼል ትእዛዝ ማስኬድ፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ማንበብ፣ ፋይል መውሰድ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ክፍት የተተዉ ፖርቶችን ፍለጋ ኢንተርኔቱን ሌት ተቀን የሚያስሱ ሮቦቶች ስላሉ፣ ‘የእኔን አይፒ ማን ያውቀዋል’ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በዩኤፍደብሊው ላይ መተማመንም አያዋጣም። ዶከር አንድን ፖርት ወደ ውጭ ሲያወጣ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፓኬት ማጣሪያ) ውስጥ የራሱን ደንብ ስለሚጽፍ፣ ወደ ኮንቴይነሩ የሚሄደው ትራፊክ ዩኤፍደብሊው በሚጠብቀው በር ሳያልፍ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ 5005ን ከፈቱትም ዘጉትም ለዚህ ጉዳይ ልዩነት አልነበረውም። ብዙ ሰው ዩኤፍደብሊው ‘ተዘግቷል’ ሲለው አምኖ ይተኛል፤ እኔም ራሴ ከዓመታት በፊት ከተኙት አንዱ ነበርኩ።

የምመክርዎ አደረጃጀት እንዲህ ነው። አስቀድመው በአከራዩ ገጽ ላይ የከፈቱትን 5005 ይዝጉት። ቀጥሎ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ያለውን 5005:5005 ወደ 127.0.0.1:5005:5005 ይለውጡት፤ ያን ጊዜ ፖርቱ የሚገኘው ከራሱ ከማሽኑ ውስጥ ብቻ ይሆናል። (ከ28.0 በታች በሆኑ የዶከር ስሪቶች በአንድ የአካባቢ ኔትዎርክ ላይ ያሉ ሌሎች ማሽኖች እንዲህ ያለውን ፖርት ሊደርሱበት የሚችሉበት ክፍተት ስለነበረ፣ የአከራዩ ፋየርዎል መዘጋቱ ቅንጦት አይደለም።) ይህን ከፈጸሙ በኋላ ብቻ የጃቫውን አድሬስ *:5005 ያድርጉት። በመጨረሻም የጀመሩትን የኤስኤስኤች ታነል ይጠቀሙ፦ የላፕቶፕዎን 5005 ወደ ማሽኑ 127.0.0.1:5005 ይምሩትና ኢንተሊጄይ ላይ አድራሻውን ሎካልሆስት ብለው ይስጡት። ማንነትን የማረጋገጡንና የማመስጠሩን ሥራ ያን ጊዜ ኤስኤስኤች ይሠራልዎታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጃቫ 17 ላይ ግንኙነቱን የከለከለዎት ነገር እስካሁን ሲጠብቅዎት ሰንብቷል። ጥያቄው ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው፦ ጃቫ 8 ላይ ሳላችሁ ይኸው ፖርት በአከራዩ ፋየርዎል ላይ ለሁሉም ተከፍቶ ነበርን? ከነበረ፣ በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ የነበሩትን የይለፍ ቃላትና ቁልፎች በሙሉ እንደተወሰዱ ቆጥረው ይለውጧቸው።

ምላሽ፦ መስመር_ፈታሽ

ከላይ ያሉት ሁለቱ ምላሾች መፍትሔውን ሰጥተዋል፤ ነገር ግን ጠያቂው ያነሡት ‘ለምን ሁለት የተለያዩ ስህተቶች?’ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። እኔ ዋናው ቁም ነገር እርሱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ስህተቱን ማንበብ የቻለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ቀን አይፈጅበትም።

በመጀመሪያ ‘ቪኤም’ የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ነገር እንደሚሆን እናስተውል። አከራዩ ‘ቪኤም’ ሲል ፍራንክፈርት ያለውን ማሽን ማለቱ ነው፤ የጃቫ መሣሪያዎች ‘ሪሞት ቪኤም’ ሲሉ ግን የሚናገሩት ስለ ጃቫው ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮንቴይነሩ ውስጥ ስላለው ጄቪኤም ነው። በመካከላቸው ደግሞ የራሱ ኔትዎርክ፣ የራሱም ሎካልሆስት ያለው ኮንቴይነር አለ። እንግዲህ ሎካልሆስት የሚባለው ነገር በእርስዎ ሁኔታ ሦስት ነው፦ የላፕቶፑ፣ የማሽኑና የኮንቴይነሩ። ጃቫ 17 የሚያዳምጠው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነበር።

አሁን በቀጥታ ሲገናኙ የሆነውን እንከተል። ከላፕቶፕዎ የተነሣው ጥያቄ ማሽኑ ላይ ሲደርስ የዶከር የአይፒቴብልስ ደንብ አድራሻውን ለውጦ ወደ ኮንቴይነሩ የኔትዎርክ ገጽ ይመራዋል። በዚያ ገጽ ላይ የሚያዳምጥ ስለሌለ ከርነሉ (የማሽኑ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ወዲያውኑ የእምቢታ ፓኬት ይመልሳል፤ እርስዎም ‘ሪፊውዝድ’ የሚለውን ያያሉ።

በታነል ሲመጡ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የማሽኑ የኤስኤስኤች ሰርቨር የሚሄደው ወደ ማሽኑ 127.0.0.1:5005 ነው፤ ያ የአይፒቴብልስ ደንብ ደግሞ ወደ 127 አድራሻዎች የሚሄደውን ትራፊክ አይነካም። በዚያ ፖርት ላይ የሚጠብቀው ዶከር ፕሮክሲ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርሱ ግንኙነቱን በደስታ ይቀበላል፣ ቀጥሎ ወደ ኮንቴይነሩ ዞሮ ሲያንኳኳ እምቢ ይባላል፣ ተመልሶም የእርስዎን መስመር ይዘጋዋል። ኢንተሊጄይ ተቀባይ አገኘሁ ብሎ የሰላምታ ቃሉን ልኮ መልሱን ሲጠባበቅ መስመሩ ስለሚቋረጥበት ‘ሃንድሼክ ፌይልድ’ ይላል። ስለዚህ ጉድለቱ አንድ ነው፤ በዋናው በር ሲመጡ ሞግዚት የለም፣ በጓሮው በር ሲመጡ ደግሞ የሚከፍትልዎ ሞግዚት አለ፤ በሁለቱም ግን ባለቤቱ ከጓዳ አልወጣም።

ከዚህ ጋር መለየት ያለበት ሦስተኛ ምልክት አለ። መልስ ሳይመጣ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ‘ታይምድ አውት’ ከተባለ፣ ፓኬቱን በመንገድ ላይ በዝምታ የሚጥል ፋየርዎል አለ ማለት ነው፤ በአብዛኛው የአከራዩ። እምቢታ ግን መልስ ነው፤ ቢያንስ እስከ ማሽኑ ደርሰዋል። ታነሉን በከፈቱበት መስኮት ላይ ‘አድሚኒስትራቲቭሊ ፕሮሂቢትድ’ የሚል ከታየ ደግሞ የማሽኑ የኤስኤስኤች ሰርቨር ፖርት ማስተላለፍን እንዲከለክል ተዋቅሯል፤ ያ ከጃቫም ከዶከርም ጋር ግንኙነት የለውም።

ሎጉን በተመለከተም ሊሸወዱበት የሚችሉበት ነገር አለ። ‘በ5005 እያዳመጥኩ ነው’ የሚለው መስመር የፖርቱን ቁጥር እንጂ በየትኛው አድራሻ ላይ እንደሚያዳምጥ አይናገርም፤ በሎካልሆስት ላይ ቢሆንም በሁሉም ላይ ቢሆንም ጽሑፉ አንድ ዓይነት ነው። እውነቱን የሚናገረው የሚያዳምጡ ፖርቶችን ከነአድራሻቸው የሚዘረዝረው ‘ኤስኤስ’ የተባለው ትእዛዝ ነው። ብዙ ጊዜ የተቀነሱ ኢሜጆች (ኮንቴይነር የሚነሣባቸው ቅጂዎች) ውስጥ ይህ ትእዛዝ አይገኝም፤ ሆኖም ከማሽኑ ላይ ሆነው የኮንቴይነሩን የፕሮሰስ ቁጥር በዶከር ኢንስፔክት ካገኙ በኋላ፣ ‘ኤንኤስኢንተር’ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ኮንቴይነሩ ኔትዎርክ ብቻ ገብተው የማሽኑን ‘ኤስኤስ’ እዚያ ማስኬድ ይቻላል። 127.0.0.1:5005 ካዩ በሽታው ተገኘ። እኔ ሁልጊዜ የምፈትሸው በዚህ አቅጣጫ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ ከጄቪኤሙ ወደ ኮንቴይነሩ፣ ከኮንቴይነሩ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ላፕቶፑ። ከላፕቶፑ የጀመረ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን በር ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ይህን ገጽ ቢያነብ ይጠቅመው ይሆናል በሚል ሁለት ነገር ልጨምር። የኤጀንቱን መስመር ‘ጃቫ ቱል ኦፕሽንስ’ በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ውስጥ ካስገቡት፣ በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ የሚነሣ ማንኛውም የጃቫ መሣሪያ፣ ለሚሠራ ጄቪኤም ትእዛዝ የሚልከውን ‘ጄሲኤምዲ’ን ጨምሮ፣ ያንኑ መስመር ስለሚወርስ 5005ን ለመያዝ ሞክሮ ፖርቱ ተይዟል ብሎ ይሞታል። እንዲሁም ኢሜጁን በ‘ጄሊንክ’ ቀንሰው የሠሩት ከሆነ የጄዲደብሊውፒ ኤጀንት ሞጁል አብሮ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ካልገባ ጄቪኤሙ ከመነሻው አይነሣም።

ባለላፕቶፑ (ጠያቂው)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሰርቨር_ዘበኛ በነገሩኝ ቅደም ተከተል ሠርቼ ዲበገሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተገናኘ። ከመለወጤ በፊትም መስመር_ፈታሽ እንዳሉት ወደ ኮንቴይነሩ ኔትዎርክ ገብቼ ተመልክቼ ነበር፤ 127.0.0.1:5005 የሚለውን በዓይኔ አይቻለሁ።

የተጠየቅሁትንም ሳልሸሽግ ልመልስ። አዎን፣ ጃቫ 8 ላይ ሳለን ፖርቱ ለአራት ቀን ያህል ለሁሉም ተከፍቶ ነበር። በማሽኑ ላይ የነበሩት መረጃዎች የሙከራ ብቻ ቢሆኑም የዳታቤዙን የይለፍ ቃልና የኢሜይል መላኪያውን ቁልፍ ዛሬ ለውጫለሁ፤ ማሽኑንም አጥፍቼ ከአዲስ ኢሜጅ እንደገና አቋቁሜዋለሁ።

አሁን ግን ሌሎች ነገሮች ገጠሙኝ። አንደኛ፣ ዲበገሩ እጅግ ይዘገያል፤ አንድ መስመር ወደፊት ስሄድ የተለዋዋጮቹ ዝርዝር እስኪሞላ ቡና ይፈላል ብል ማጋነን አይሆንም። በፒንግ ስለካው ከላፕቶፔ እስከ ማሽኑ ደርሶ ለመመለስ 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረግሁበት ቦታ) ላይ ቆሜ ሳጠና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኮንቴይነሩ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል። ሦስተኛ፣ ትናንት ከሰዓት ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ በድንገት ያ የ‘ሃንድሼክ’ ስህተት ተመለሰና ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ጠፋ። ምንም የነካሁት ነገር አልነበረም።

ምላሽ፦ መስመር_ፈታሽ

ከሦስተኛው ልጀምር፤ አጭር ነውና። ምናልባት የሥራ ባልደረባዎ በዚያው ሰዓት ተገናኝተው ነበር? የጄዲደብሊውፒ ኤጀንት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ዲበገር ብቻ ነው። አንዱ ሲገባ ማዳመጡን ያቆማል፣ ሲወጣ እንደገና ማዳመጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው የሚያየው ፖርቱ ጭራሽ እንዳልተከፈተ ዓይነት ስህተት ነው፤ ‘ሰው ይዞታል’ የሚል መልእክት የለም። ኢንተሊጄዩን ሳይዘጉ ወደ ምሳ የወጡ ባልደረባ ብዙ ሰው አሳብደዋል።

ሁለተኛው፣ ኮንቴይነሩን የሚያስነሣው ዶከር ራሱ አይመስለኝም፤ ተራ ዶከር በጤና ምርመራ የወደቀን ኮንቴይነር ‘ጤነኛ አይደለም’ ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ አያስነሣውም። የጤና ገጹን በየጊዜው የሚጠይቅ፣ መልስ ሲያጣም ኮንቴይነሩን የሚያስነሣ ስክሪፕት ማሽኑ ላይ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ብሬክፖይንት በነባሪ አሠራሩ የሚያቆመው የደረሰበትን ክር (ትሬድ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሥራዎች አንዱን) ብቻ ሳይሆን በጄቪኤሙ ውስጥ ያሉትን ክሮች ሁሉ ነው፤ የጤና ገጹን የሚመልሰውም ክር አብሮ ይቆማል። ኢንተሊጄይ ላይ ብሬክፖይንቱን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ‘ትሬድ’ የሚለውን ቢመርጡ ስሌቱን የሚሠራው ክር ብቻ ይቆማል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። የዳታቤዝ ግንኙነት ማከማቻችሁ ሂካሪሲፒ ከሆነና ሁሉንም ክሮች አቁመው ከቆዩ፣ ስትቀጥሉ ሰዓት እንደዘለለ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ሎጉ ላይ ታያላችሁ፤ እርሱ የዲበገሩ ጥላ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ስለ ዝግታው፣ ጄዲደብሊውፒ ወሬኛ ፕሮቶኮል ነው። ዲበገሩ አንድ ፍሬም ላይ ሲቆም ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ዓይነቱን፣ ዋጋውን፣ የያዛቸውን መስኮች አንድ በአንድ እየተመላለሰ ይጠይቃል። አርባ ምልልስ ቢያስፈልግ በ150 ሚሊሰከንድ ስድስት ሰከንድ ይሆናል፤ በተግባር የሚያስፈልገው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የመስመርዎ ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይረዳም፤ የሚያስጨንቀው የሚያልፈው መረጃ ብዛት ሳይሆን የምልልሱ ቁጥር ነው። ከሁሉ አስቀድመው በኢንተሊጄይ የዲበገር ቅንብር ውስጥ ኦብጀክቶችን ‘ቱ ስትሪንግ’ እየጠራ የሚያሳየውንና ያልተመሳሰሉ ክሮችን ታሪክ የሚያያይዘውን አማራጭ ያጥፉ። ሜተድ ላይ የሚደረግ ብሬክፖይንት ከመስመር ብሬክፖይንት ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ አይጠቀሙበት። ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንትም ቢሆን ሁኔታው የሚመዘነው በዲበገሩ በኩል ስለሆነ፣ አሥር ሺህ ጊዜ በሚዞር ዑደት ውስጥ ካስቀመጡት አሥር ሺህ ጊዜ ፍራንክፈርት ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ ይልቅ ኮዱ ውስጥ ራሱ ‘ኢፍ’ ጽፎ ብሬክፖይንቱን በውስጡ ማኖር ይቀላል።

ይህም ካልበቃዎ ዲበገሩን ወደ ማሽኑ ይውሰዱት። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በኤስኤስኤች ማሽኑ ላይ የሚሠራ ክፍል አለው፤ ወሬኛው ምልልስ ሁሉ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ያልቅና ወደ እርስዎ የሚመጣው የሚታየው ብቻ ይሆናል። ዋጋው ማሽኑ ላይ የሚበላው ሚሞሪ ነው። ያለ ምንም ጌጥ መሥራት ለማይከብደው ሰው ደግሞ ከጄዲኬው ጋር የሚመጣው ‘ጄዲቢ’ የተባለው በጽሑፍ የሚታዘዝ ዲበገር አለ፤ በኤስኤስኤች ገብቶ እዚያው ማስነሣት ይቻላል። መልኩ ደስ አይልም፣ ግን በደካማ መስመር ላይ እንደ እርሱ የሚታገሥ አላየሁም።

እንዲሁም ብሬክፖይንት ላይ ረጅም ጊዜ ሲቆሙ ታነሉ ዝም ስለሚል በመካከል ያለ ራውተር ሊቆርጠው ይችላል። በኤስኤስኤች ቅንብርዎ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሕያውነት ምልክት እንዲልክ ያዝዙት።

ባለላፕቶፑ (ጠያቂው)

ባልደረባዬን ጠየቅኋቸው፤ እውነትም ተገናኝተው ቡና ሊጠጡ ወጥተው ነበር። የሚያስነሣውም ስክሪፕት ተገኝቷል፤ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ጽፎት ማንም ረስቶት የኖረ ነው።

ዋናው ጉዳይ ደግሞ ትናንት ሌሊት ተፈታ። ስሌቱ በሚነሣበት ሰዓት ነቅቼ ጠበቅሁ፤ ልክ 7 ሰዓት ላይ ብሬክፖይንቱ ያዘ። ‘ዛሬ’ የሚለውን ቀን የያዘው ተለዋዋጭ ላይ ስመለከት የትናንቱን ቀን ይዟል። ከዚያ በኢንተሊጄይ የመገምገሚያ መስኮት ላይ የጄቪኤሙን ነባሪ የሰዓት ክልል ስጠይቀው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ብሎ መለሰልኝ። የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ወደ አዲሱ ቀን ስንሻገር ኮንቴይነሩ እስከ 9 ሰዓት ድረስ በትናንቱ ቀን ውስጥ ይቆያል። ስሌቱ የሚነሣው በመካከሉ፣ 7 ሰዓት ላይ ነው። ቀን ላይ በእጄ ሳስነሣው የማይታየውም ለዚህ ነው፤ በቀኑ ክፍለ ጊዜ የሁለቱም ቀን አንድ ነው። ላፕቶፔ ደግሞ የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን አይሳሳትም። የሚያስቀው ነገር፣ ሥራው የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው ክፍል ላይ ‘አፍሪካ፣ አዲስ አበባ’ ተብሎ በትክክል ተጽፏል፤ ስሌቱን በሚሠራው ክፍል ላይ ግን ማንም አልጻፈውም። ጳጉሜን በከንቱ አምቻታለሁ።

ምላሽ፦ ዘመን_17

እንኳን ተገኘ። የሰዓት ክልሉን አንድ ጊዜ በሎግ ብታሳትሙት ኖሮ ያለ ዲበገርም ይገኝ ነበር ማለቴ አይቀርም፤ ግን ሰው የሚያሳትመው የጠረጠረውን ነው፣ እርስዎም የጠረጠሩት ጳጉሜን ነበር።

የኮንቴይነሩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ መለወጥ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ሌላ ሰው ነገ በሌላ ማሽን ላይ ሲያስነሣው ይመለሳል። ‘ሎካል ዴት’ ላይ የዛሬን ቀን በሚጠይቁበት ቦታ ሁሉ የሰዓት ክልሉን በግልጽ ይስጡት፤ ይበልጥ የሚሻለው ደግሞ ‘ክሎክ’ የሚባለውን ክላስ ከውጭ መቀበል ነው፤ ያን ጊዜ በሙከራ ኮድ ውስጥ ሰዓቱን ከሌሊቱ 7 ላይ አቁመው መፈተን ይችላሉ፣ ነቅተው ማደርም አያስፈልግዎትም።

ምላሽ፦ የሰርቨር_ዘበኛ

ሥራው ካለቀ የኤጀንቱን መስመር ከኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ያውጡት። ወደፊት እንደገና የሚያስፈልግዎ ከመሰለዎት ከጄዲኬ 12 ወዲህ ‘ኦን ጄሲኤምዲ’ የሚል አማራጭ አለ፤ ከእርሱ ጋር የተነሣ ጄቪኤም ፖርቱን የሚከፍተው በ‘ጄሲኤምዲ’ ሲታዘዝ ብቻ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ጄቪኤሙ በ5005 ላይ አያዳምጥም። ጃቫ 17 ላይ ስላላችሁ ይሠራላችኋል። አድሬሱንና የኮምፖዙን 127.0.0.1 ግን ያኔም እንዳሉ ይተዋቸው።

ባለላፕቶፑ (ጠያቂው)

መስመሩን አሁን አወጣሁት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ‘ኦን ጄሲኤምዲ’ን በሙከራው ፋይል ላይ ብቻ አስገብቻለሁ። ‘ክሎክ’ን ከውጭ መቀበሉንም ጀምሬዋለሁ፤ የዛሬን ቀን የሚጠይቁ 11 ቦታዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱ ሦስቱ በሌሊቱ ስሌት ውስጥ ናቸው።